የእኅቶች ማኅበር ታሪክና ዓላማ



ማኅበር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ እናቶቻችን በየወሩ በቅዱሱ ስም ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ጋግረው፣ ሙሴውን መርጠው፣ ጽዋውን ከቤት ወደ ቤት ሲያዞሩ ኖረዋልና፡፡ የማኅበሩ ሰም መብልና መጠጥ ነው፤ ወርቁ ግን የታመመችውን መጠየቅ፣ ያዘነችውን ማጽናናት፣ የተቸገረችውን መርዳት ነው፡፡ ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ልንጽፍለት ያሰብነው ደግሞ የዚሁ ዘመድ የሆነው ማኅበር፣ ይኸውም የተማሩ እኅቶች ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ የሚያቆሙት ነው፡፡

በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለው ልማድ የቆየ ነው፡፡ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ጥቁር ሴቶች ልጆች አልፋ ካፓ አልፋ የተባለውን ማኅበር አቆሙ፡፡ ተማሪዎቹም ከትምህርት ቤት ሲወጡ ከእኅትነታቸው አይወጡም፤ በየሚኖሩበት ከተማ እየተሰበሰቡ ድኻውን ይረዳሉ፣ ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ፡፡

በአገራችን ደግሞ በ1924 ዓ.ም. በእቴጌ መነን ስም የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፡፡ በ1927 ዓ.ም. የጠላት ወረራ ሲያንዣብብ እቴጌ የበላይ ጠባቂ የሆኑለት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፡፡ ይህ ማኅበር የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበት አልነበረም፤ ነገር ግን ሴቶች ዕውቀታቸውንና እጃቸውን አስተባብረው ሕዝብን የሚያገለግሉበትን መንገድ አሳይቷል፡፡ ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ልዕልት ፀሐይና ጓደኞቻቸው ለቁስለኛው ፋሻ አዘጋጁ፣ ለዘማቹ ልብስ ሰፉ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭምብልም ሠሩ፡፡ በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ እንደ ነበረ እናስታውስ፡፡

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ ሰባቸውን ይዞ ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚሁ በሁርሶ በሚያልፈው ሐዲድ ነው፡፡ እቴጌ መነንና ልዕልት ፀሐይም በዚያው ባቡር ነበሩ፡፡ ልዕልት ግን በስደት አገር እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነትን ሙያ ተማሩ፡፡ ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳሉ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ዐረፉ፡፡ በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ፡፡ የወታደር ማሠልጠኛ ላለባት ለሁርሶ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም፡፡

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩንም አንርሳ፡፡ በስዊስ አገር ተምረው ተመለሱ፤ በጎሬ ከጥቁር አንበሶች ጋር ተሰለፉ፤ በኢጣልያም ታሰሩ፡፡ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክትሪስ ሆነው ብዙ ልጆችን አሳደጉ፤ በ1950 ዓ.ም. በተሰበሰበው የሕግ መምሪያ ምክር ቤትም ከሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ፡፡

ዘመን ግን ይለወጣል፡፡ በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተባለ፤ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በዐዋጅ ቆመ፤ እርሱም ከመንግሥቱ ጋር ዐለፈ፡፡ ከዚህ የምንማረው፣ በቤተ መንግሥት ወይም በዐዋጅ ብቻ የቆመ ማኅበር ከደጋፊው ጋር እንደሚወድቅ ነው፡፡ ጽዋውን የሚያዞሩት እናቶች ግን ዛሬም አሉ፤ መሠረታቸው በገዛ ቤታቸውና በገዛ መሶባቸው ነውና፡፡

እንግዲህ የተማራችሁ የሁርሶ ልጆች ሆይ፤ ትምህርት ጌጥ ብቻ ሳይሆን ብድር ነው፡፡ እናንተ ክፍል ውስጥ ስትቀመጡ እናቶቻችሁ ውኃ ቀድተዋል፣ ገበያ ውለዋል፡፡ ማኅበራችሁ የትምህርት ቤትን ስም ለመመካት የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ያልተማረችውን እኅት ከደጅ ያስቀራል፤ ሰም ብቻ ሆኖ ይቀልጣል፡፡ ደብተር ላጣች ልጅ ደብተር ከገዛ፣ ባልዋ ወይም ልጅዋ ለዘመተባት እናት ደብዳቤ ካነበበ፣ ትምህርት ልታቋርጥ የተቃረበችውን ከመለሰ ግን ወርቁ ተገኘ፡፡ ስለዚህ ከእናቶቻችሁ ሥርዐቱን ተማሩ፤ እናንተም ፊደሉን አስተምሯቸው፡፡

አንድነትን የሚወድ እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፤ ለከርሞው በዓልም በሰላም ያድርሰን፡፡ አሜን፡፡