የሞተር «ስፍር»

በመኪና ሽያጭ ማስታወቂያዎችና በየስልኩ በሚዘዋወሩ የትርጉም ጽሑፎች ላይ «የሞተር መፈናቀል» የሚል ሐረግ ሥር እየሰደደ መጥቷል። መኪናው ስንት ሲሲ እንደሆነ መናገር በተፈለገበት ቦታ ብቅ የሚለው ይኸው ሐረግ ነው። የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ ከቀዬው ለተነቀለ ሰውም፣ ፒስተን ወጥቶ ወርዶ ለሚጠርገው የሲሊንደር ውስጥም «ዲስፕሌስመንት» የሚል አንድ ቃል አለው። የትርጉም ማሽኑ ከሁለቱ በዜና የሚበዛውን አንሥቶ ሞተሩ ላይ ለጠፈው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ከሰው እየቀዳ አስፋፋው። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል ቢያጣ ኖሮ ነገሩን በይቅርታ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ቃሉ አለ። በባሌ፣ ሮቤና ጎባ ላይ ስንዴ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ስፍር» ነው።

አስቀድሞ «መፈናቀል» ለምን እንደማይሆን እንይ። ፈነቀለ ማለት ረግቶ የተቀመጠን ነገር ከሥሩ በጉልበት አንሥቶ መገልበጥ ነው። መሬት የያዘ ድንጋይ በዲጂኖ ይፈነቀላል። የታኅሣሥ 1953ቱን ሙከራ የምንጠራበት «መፈንቅለ መንግሥት» ከዘመናችን ግሩም ስያሜዎች አንዱ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሥር የሰደደ ዙፋን፣ ከሥር የገባ ጉልበት፣ መገልበጥ፤ ሦስቱም በአንድ ሥር ውስጥ አሉ። ተፈናቃይ ስንልም ተክሎ ከኖረበት መሬት የተነቀለ ሰው ማለታችን ነው። ሞተር ውስጥ ግን የሚነቀል ነገር የለም። አየሩ እዚያ ሥር ሰዶ አልኖረም፤ ፒስተኑ ሲወርድ ይገባል፣ ሲወጣ ይታመቃል፣ ነዶ ይወጣል፤ ይህም በደቂቃ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከዚህም ሌላ «መፈናቀል» በአገራችን ገና ያልደረቀ እንባ የተሸከመ ቃል ነው። በሸራ ድንኳን ሥር የምታድር እናትና የላንድክሩዘር ሞተር በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም። ቃል ያለቦታው በተመላለሰ ቁጥር በቦታው የሚከብደውን ያህል መክበዱን ይተዋል።

ነገሩ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ አንባቢው ግማሹን ያውቀዋል። በባሌ መንገዶች የማይጠፋውን የላንድክሩዘር «1ኤችዜድ» የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። ስድስት ሲሊንደሮች አሉት። የእያንዳንዱ ውስጠኛ ወርድ 94 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው የሚሄደው 100 ሚሊ ሜትር ነው። በትምህርት ቤት የሲሊንደር ቀመር ብናሰላው ለአንዱ 694 ሲሲ ያህል፣ ለስድስቱ 4,164 ሲሲ ይወጣል። ሞተሩ ዙሩን ሲጨርስ በጠቅላላው የሚያስገባው አየር ልኩ ይህ ነው። ይህን ልክ የማይጠይቅ ገዢም ሆነ መንግሥት የለም። በ1995 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪናን እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ 100 በመቶ ነበር ያስከፈለው። የመኪናን ታክስ ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያሳድግ የቻለ ልክ በአማርኛ ስም ሳይኖረው መቆየቱ ያስቆጫል።

ስም ይሆናሉ ተብለው የቀረቡ ቃላት አሉ። ከሁሉ የሚጠነክረው «ይዘት» ነው፤ የሒሳብ መምህራን ለጠጣርና ለዕቃ የሚጠቀሙበት በመሆኑ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ጋራዥ ውስጥ ሲገባ ነው። ሜካኒክን «ይህ ሞተር ስንት ሊትር ይይዛል?» ብትሉት የሚነግራችሁ የሞተር ዘይቱን ልክ ነው፤ ትክክልም ነው፣ ሞተሩ የሚይዘው ዘይቱን ነውና። አየሩን አይይዘውም፤ ተቀብሎ ይሰደዋል። ሁለተኛው «የሞተር ጉልበት» ነው። ይህ ከይዘት ይልቅ ያሳስታል፤ ምክንያቱም እኩል ሲሲ ያላቸው ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ ቱርቦ ያለው ሌላው የሌለው፣ የሚሰጡት ጉልበት ተራርቆ ይገኛል። ጉልበት ውጤት ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት በብረቱ ላይ ተወስኖ የተቀመጠውን ልክ ነው። ሦስተኛው «ሲሲ» ራሱ ነው። ሁሉም ይለዋል፣ ሁሉም ይግባባበታል፤ ይቅር የሚል ሰው የለም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ሲሲ መለኪያ እንጂ የሚለካው ነገር ስም አይደለም። «ኪሎው ስንት ነው?» እያልን ክብደትን መጠየቃችን እውነት ነው፤ ሆኖም «ክብደት» የሚለው ቃል ከኋላ ስላለ ነው ኪሎ ሳያደናግር የሚያገለግለው። ሲሲ ከኋላው ምንም የለውም። መለኪያው በተለወጠ ጊዜ፣ ለምሳሌ አሜሪካኖች በኪዩቢክ ኢንች ሲቆጥሩ፣ «454 ኪዩቢክ ኢንች ሲሲ» የሚል የማይሆን ነገር ለመናገር እንገደዳለን።

«ሰፈረ» ከግዕዝ ጀምሮ መለካት ማለት ነው። መስፈሪያ፣ መስፈርት፣ ስፍር ቁጥር የሌለው፤ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። መመዘን በክብደት፣ መስፈር በይዘት ነው፤ አማርኛ ሁለቱን ከጥንት ለይቷቸዋል፣ የዘመኑ ፊዚክስም የሚፈልገው ይህንኑ ልዩነት ነው። ለባሌ ሰው ደግሞ ሌላ ብልጫ አለው። በአፋን ኦሮሞ «ሰፈሩ» መለካት ማለት ነው፤ ሮቤ ከተማ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋዎች እያፈራረቀ የሚናገር ሹፌር «የሞተሩ ስፍር» ሲባል ከየትኛውም ወገን ቢሰማው ይገባዋል። «መፈናቀል» በአንዱም አይገባውም።

ቃሉ ነገሩን ምን ያህል እንደሚያስረዳ የሚታየው ግን ከጎባ ወደ ሳነቲ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ የሳነቲን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ አቋርጦ፣ የቱሉ ዲምቱን 4,377 ሜትር ጫፍ አጠገቡ አድርጎ፣ በሐረና ደን ወደ ደሎ መና ይወርዳል። በ4,000 ሜትር ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። እዚያ ላይ የ1ኤችዜድ ስፍር አልተቀነሰም፤ ዛሬም 4,164 ሲሲ ነው። የሚሰፈረው ነገር ግን ቀሏል። ሲናናና አጋርፋ ላይ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፦ ቁናው አንድ ሆኖ፣ ፍሬው የሞላ ስንዴና ዝናብ ያጠረው ቀጭን ስንዴ ሲሰፈሩ እኩል፣ ሲመዘኑ ግን ለየቅል ናቸው። የስንዴ ጥራት መርማሪዎች አንድ መቶ ሊትር ስንዴ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚለኩት ለዚሁ ነው። ሞተሩም ሳነቲ ላይ የሚሰፍረው ቀጭን አየር ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ የ2,800 ሲሲ ሞተር የሚያገኘውን ያህል አየር ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ናፍጣው በዚያው ልክ ካልተቀነሰ፣ ዳገቱ ላይ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ሲትጎለጎል የሚታየው አየር አጥቶ ሳይነድ የቀረው ነዳጅ ነው። ቱርቦ ደግሞ ቁናውን ሳይለውጥ ጠቅጥቆ መስፈር ነው። «ጠቅጥቆ ይሰፍራል» የሚለው ሁለት ቃል፣ በ«ተጨማሪ የአየር መፈናቀል ግፊት» ዓይነት ትርጉም ሦስት መስመር ጨርሶም የማይገለጠውን ይገልጣል።

«ስፍር» ራሱን የቻለ ስም ማግኘቱ ሌላም የተጣበቀ ነገር ያላቅቅልናል። የድሮዎቹን አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች የሚያወሱ ትርጉሞች «ትልቅ ብሎክ ሞተር» የሚል ሐረግ ይዘው መጥተዋል። መኪኖቹን «ጡንቸኛ መኪና» ማለት ያምራል፤ ጡንቸኛ የሞላ አማርኛ ነው። «ትልቅ ብሎክ» ግን ላዲስ አበባ ሰው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ፣ ለሮቤ ግንበኛ ብሎኬት ነው የሚመስለው። ይባስ ብሎም ተርጓሚዎቹ ነገሩን «ሲሲው ከፍተኛ የሆነ» እያሉ ያብራሩታል፤ ይህ ትክክል አይደለም። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጣው «ትንሽ ብሎክ» የሞተር ቤተሰብ ከሲሊንደር መሐል እስከ ሲሊንደር መሐል 4.40 ኢንች፣ በ1965 ያወጣው «ትልቅ ብሎክ» ደግሞ 4.84 ኢንች ርቀት አለው። የሁለቱ ቤተሰቦች ልዩነት በብረቱ አካል ነው። ስፍራቸውማ ሊገጣጠም ይችላል፤ ኩባንያው በ1970ዎቹ መባቻ «ተርቦ ፋየር 400» እና «ተርቦ ጄት 400» የሚባሉ ሁለት ሞተሮችን ጎን ለጎን ሸጧል። የመጀመሪያው የትንሹ ቤተሰብ፣ ሁለተኛው የትልቁ ሲሆን፣ የትልቁ ትክክለኛ ስፍር 402 ኪዩቢክ ኢንች ነበር። (በስማቸው «ተርቦ» ቢባልም አንዳቸውም ቱርቦ አልነበራቸውም።) ለኩባንያው ሸቬል መኪና ሞተር የሚመርጥ ሰው በስፍር ብቻ ቢመራ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ነገር ግን የትልቁ ቤተሰብ ሞተር ከትንሹ በ50 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፣ ክብደቱም የፊት ጎማ ላይ ያርፋል፣ ቴስታታውና የጭስ መውጫው ከትንሹ ጋር አይለዋወጥም። ትልቁ ቤተሰብ የተፈጠረውም ስፍሩ ወደ ላይ እንዲያድግ ነው፤ እስከ 454 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7,440 ሲሲ ገደማ፣ የደረሰው በዚሁ አካል ነው። እንግዲህ ሁለት ነገር አለ፣ ሁለት ስም ይገባዋል። ለመጠኑ ስፍር፤ ለአካሉ ደግሞ «ደረተ ሰፊ ሞተር» እና «ደረተ ጠባብ ሞተር» ብንል እመርጣለሁ። «ግንደ ሰፊ» ያሉ አሉ፤ አይከፋም፣ ግን ግንድ ወደ ላይ የሚቆም ነገር ነው። እዚህ የሰፋው ሲሊንደሮቹ የተደረደሩበት አካል ነው፤ ትንፋሽ የሚገባውም በደረት ነው።

ከጋራዥ በኩል የሚመጣ ተቃውሞ አለ። የኢትዮጵያ ሜካኒክ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ እያለ በጣሊያንኛ ቃል መኪና ሲያስነሣ ኖሯል፤ ታዲያ «ዲስፕሌስመንት» ቢገባ ምን ይጎዳል? የእነዚያ ቃላት ጠላት አይደለሁም፤ አማርኛ ሆነዋል። ነገር ግን ሁሉም በእጅ የሚያዙ፣ ተፈትተው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ዕቃዎች ስሞች ናቸው። ስፍር ተፈትቶ አይወጣም፤ ልክ ነው፣ ሥራም ነው። ስለ ሥራ ለማውራት ግስ ያስፈልጋል። ሞተሩ ይሰፍራል፣ አየሩ ይሰፈራል፣ ቱርቦው ያሰፍራል፣ ሰፋሪው ፒስተን ነው እንላለን፤ በ«ዲስፕሌስመንት» ግን «ያደርጋል» ከሚል ድጋፍ ጋር ካልሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቆምም። ሌላው ተቃውሞ «ሰፈረ» መሬት ይዞ መቀመጥም ነውና እሱም ሰፈራን ያስታውሳል የሚል ነው። ለዚያ ትርጉም አማርኛ ሰፈር፣ ሰፈራ፣ ስፍራ የሚሉ የራሳቸው ቅርጽ ያላቸው ስሞች አሉት፤ «ስፍር» ሲባል ወደ አእምሮ የሚመጣው መለካት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፦ መንግሥት በጥር 2016 በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ፣ ለሚያልፍ ነገር ስም ማውጣት ምን ይጠቅማል? ከባሌ እስከ አዲስ አበባ ስንዴ የሚያመላልሰው አይሱዙ ናፍጣ ነው፤ በመኸር ጊዜ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ኮምባይነርም፣ ትራክተሩም ናፍጣ ናቸው፤ እነዚህ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይጠገናሉ። ደግሞም ቃሉ ከሞተር ጋር የታሰረ አይደለም። የኮምባይነሩን ማጨጃ የሚያነሣና የሚያወርደው የሃይድሮሊክ ፓምፕ በአንድ ዙር ስንት ሲሲ ዘይት እንደሚገፋ የሚነገረው በዚያው በእንግሊዝኛው ቃል ነው፤ የጎማ መንፊያው ኮምፕረሰርም እንዲሁ። ነገ በባትሪ የሚሄድ ገልባጭ መኪና ሳነቲን ሲያቋርጥ ሲሊንደር ያለው ሞተር ባይኖረውም፣ ጭነቱን የሚገለብጠው ፓምፕ ስፍር ይኖረዋል።