በምጽዋ ባሕር ስለ ሰመጡት መርከቦችና ስለ ምሥጢራቸው የተጻፈ ዜና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከአራዳ ማዘጋጃ ቤት ደጅ ተነሥቶ እስከ ለገሃር በሚወርደው፣ በቸርችል ስም በተጠራው ጎዳና ተቀምጠን፣ በባሕር ስለ ሰመጡ የጦር መርከቦችና በሆዳቸው ስለ ነበረው የምሥጢር ጽሑፍ የሆነውን እንጽፋለን። አንባቢ ሆይ፣ ደጋ ላይ ተቀምጦ የባሕር ዜና የሚጽፍ ምን ነካው ብለህ አትፍረድ። ጎዳናው ስሙን ያገኘው ሁለት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትር ከነበረ ሰው ነው፤ የዚህም ዜና መነሻ በዚያ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነበረ።

አስቀድመን ግን በዚሁ ጎዳና ላይ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳል እናንሣ። በ1860 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን አጼ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው መቅደላ ላይ ወደቁ። ከዚህ በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር የንጉሡን መድፎች በባሩድ አፈረሰ፤ አምባውንም በእሳት አቃጠለ። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ግን ከክብደቱ የተነሣ በዚያው በመቅደላ ቀረ። ብራናው አልቀረም። የንጉሡን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳቱን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭነው ወሰዱት። ይህን ያነሣነው ብረቱ ተጥሎ ጽሑፉ መወሰዱን እንድታስተውል ነው፤ በባሕርም የሆነው እንደዚሁ ነውና።

በ1906 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የዓለም ጦርነት በተነሣ በወሩ፣ ነሐሴ 20 ቀን፣ ማግደቡርግ የተባለች የጀርመን መርከብ በባልቲክ ባሕር፣ ኦደንስሆልም በምትባል ደሴት አጠገብ፣ በጉም ተጋርዳ ከድንጋይ ላይ ወጣች። መርከበኞቹ ሊያስለቅቋት ደከሙ፤ አልሆነላቸውም። ለጠላት አትቀርም ብለው ፈንጂ አጠመዱባት፤ ነገር ግን የሩስያ መርከቦች ደረሱባቸውና በጥድፊያ የፈነዳው ፊተኛውን ክፍሏን ብቻ ነበረ። ሩስያውያንም ገብተው ሲፈትሹ የጀርመን ባሕር ኃይል የሚላላክበትን የምሥጢር ቃላት መጽሐፍ አገኙ፤ አንዱንም ቅጂ ለወዳጃቸው ለእንግሊዝ ላኩ። በ1907 ዓ.ም. ጥቅምት 3 ቀን ሁለት የሩስያ መኮንኖች ይዘውት ለንደን ገቡ፤ ተቀባዩም ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ነበረ። ቸርችል ኋላ በጻፈው መጽሐፍ፣ የሰጠመ ጀርመናዊ ወታደር መጽሐፉን በክንዱ እንዳቀፈ ሬሳው ተገኘ ብሏል። የታሪክ መርማሪዎች ይህን አይቀበሉትም። ሚኒስትር ደራሲ ሲሆን ነገር ማሳመሩ አይቀርም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 7 ቀን ኤስ 119 የተባለች የጀርመን የቶርፔዶ መርከብ በሆላንድ ባሕር ዳር ተመትታ ሰመጠች። አዛዧ ጠንቃቃ ነበረ፤ የምሥጢሩን ሰነድ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን አድርጎ ወደ ባሕር ወርውሮት ነበር። ኅዳር 21 ቀን፣ በጽዮን ማርያም በዓል፣ አንድ የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ መረቡን ቢስብ ያ ሣጥን ከዓሣው ጋር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጀርመኖች ገመድ የሌለው ስልክ በነኩ ቁጥር፣ በለንደን ክፍል 40 በተባለ ቤት የተቀመጡ ሰዎች ቃላቸውን ይፈቱት ነበር።

ስለዚህ በመንግሥታት ባሕር ኃይል ዘንድ የጸና ልማድ ሆነ። የምሥጢር መጽሐፍ ሽፋን በእርሳስ ይከብድ ነበር፤ መርከብ ሲሸነፍ መጀመሪያ ወደ ባሕር የሚጣለው እርሱ ነበረ። መርከብ ራሱ በጥልቅ ባሕር ከሰመጠ ጥልቀቱ ምሥጢሩን ይጠብቅለታል። ጠላቂ ሊደርስበት በሚችል ውኃ ከሰመጠ ግን መስመጡ ብቻ አይበቃም፤ ባለቤቱ ተመልሶ በፈንጂ ያፈራርሰዋል፣ ወይም ራሱ ጠላቂ ልኮ ያለውን ያወጣል። ይህን የዘነጋ ምን እንደሚደርስበት በ1932 ዓ.ም. ታኅሣሥ 7 ቀን ታየ። የጀርመኗ ግራፍ ሽፔ በሞንቴቪዴዮ ደጅ በገዛ ሰዎቿ እጅ ፈንድታ ሰመጠች፤ ውኃው ግን ጥልቅ አልነበረምና ላይኛው ክፍሏ ከነራዳሩ ከባሕር በላይ ቀረ። ቸርችል ዳግመኛ በዚያው ሹመት ላይ ነበረ። እንግሊዞች በአንድ የሞንቴቪዴዮ ነጋዴ ስም ስባሪዋን በ14 ሺህ ፓውንድ ገዙ፤ የራዳር አዋቂም ልከው አስመረመሯት። ጠላት በጦር ያላገኘውን በገበያ አገኘው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በዚያም ወራት አገራችን በጣልያን እጅ ነበረች፤ ምጽዋም የጣልያን የቀይ ባሕር ጦር መናኸሪያ ነበረች። 7 አጥፊ መርከቦችና 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩባት። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባወጀ ጊዜ ሰርጓጆቹ ከምጽዋ ወጡ። ክፋታቸው ግን በውስጣቸው ነበረ። የአየር ማቀዝቀዣቸው የሚሠራው ሜቲል ክሎራይድ በሚባል ጋዝ ነበረና፣ በዚያ ሙቀት ተዘግተው ሲጠልቁ ጋዙ እየሾለከ መርከበኞቹን መረዛቸው። ከእነርሱ አንዱ ማካሌ ይባል ነበር፤ በመቀሌ ከተማችን ስም የተጠራ ነው። መርከበኞቹ በመርዙ ናላቸው ዞሮ ከባሕር ድንጋይ ጋር አጋጩት፤ ሰመጠም።

ሁለተኛው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ነበረ። ይህ በኤደን ባሕር ጀምስ ስቶቭ የተባለ የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ካሰጠመ በኋላ ተፈለገ። ሰኔ 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ሙንስቶን የተባለች የእንግሊዝ ጀልባ አገኘችው። ሙንስቶን ለዓሣ ማጥመድ በሚሆን አካል ላይ አንድ መድፍ የተጠመደላት ናት እንጂ የጦር መርከብ አትባልም። የጥልቅ ውኃ ቦምብ ጣለችበት፤ ሰርጓጁም ወጥቶ በመድፍ ሊገጥማት ወደደ፤ ከእርሷ እርሱ ይበልጣልና። ነገር ግን የሙንስቶን ጥይት የአዛዡን ማማ መታ፤ አዛዡ ኮራዶ ናርዲና ከእርሱ ጋር የነበሩት መኮንኖች ወደቁ። የቀሩት እጅ ሰጡ። ካንዳሃር የተባለች አጥፊ መርከብ ደርሳ ሰርጓጁን ከነነፍሱ እየጎተተች ኤደን አስገባችው፤ ከውስጡም ሰነድ ተገኘ።

በሰነዱ ውስጥ የጓደኞቹ ማደሪያ ተጽፎ ነበር። ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለው ሰርጓጅ በዑማን ባሕር ሰላጤ እንደሚያደባ ታወቀ፤ በሰኔ 16 ሌሊት ፋልማውዝ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በዚያ ጠብቃ አሰጠመችው። በዚያው በሰኔ 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ከብዙ መርከቦች ጋር ብቻውን በመድፍ ተዋግቶ ሰመጠ። ጦርነቱ በታወጀ በ2 ሳምንት ውስጥ ከ8ቱ ሰርጓጆች 4ቱ አለቁ። እኔ እንደሚመስለኝ ምጽዋ የተሸነፈችው በዚያ ሰኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የብረት ነገር ነው።

የብረቱንም ነገር እንጽፋለን። በ1933 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ መጋቢት 18 ቀን ከረን ተያዘች፤ መጋቢት 23 ቀን አስመራ ተከተለች። የቀሩት 4 ሰርጓጆች አስቀድመው አፍሪካን ዞረው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ቦርዶ ሄደው ነበር። ሊዮኔ የተባለችው አጥፊ መርከብ ድንጋይ ላይ ወጥታ በገዛ ሰዎቿ እጅ ጠፋች። ሌሎች አምስት ፖርት ሱዳንን መትተን እንሙት ብለው ወጡ። መጋቢት 25 ቀን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሳውሮንና ማኒንን አሰጠሙ፤ ፓንቴራ፣ ቲግሬና ባቲስቲ ወደ ዐረብ ዳርቻ ሸሽተው በገዛ መርከበኞቻቸው ጠፉ። የጣልያን ሰዎች በዚህ ወራት ከጠላት ይልቅ የራሳቸውን መርከብ በብዛት አሰጠሙ ቢባል ሐሰት አይደለም።

በምጽዋ የነበረው አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ ነው። እንግሊዞች፣ መርከቦቹን አስጥመህ ወደቡን ብትዘጋ በኤርትራ ላሉት ጣልያኖች ቀለብ ተጠያቂ አንሆንም ብለው ላኩበት። ሮም ግን አይሆንም አለች። ቦኔቲም የጀርመንንና የጣልያንን መርከቦች በምጽዋ ሦስት ወደቦች አፍ በሰልፍ እየደረደረ አሰጠማቸው፤ ከጀርመኖቹ ሊበንፌልስ፣ ፍራወንፌልስ፣ ሊኽተንፌልስ፣ ክረፌልድና ጌራ፣ ከጣልያኖቹም ኮሎምቦና ብሬንታ ነበሩ። በብሬንታ ሆድ ውስጥ በቶርፔዶ ራሶች ላይ የባሕር ፈንጂ አስቀመጡ፤ ሊያነሣት የሚመጣውን ሰው እንዲገድል ነው። ተንሳፋፊዎቹን የመርከብ መጠገኛዎች በቦምብ አሰጠሙ። በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ያለውን መኪና ሁሉ በመዶሻ ሰባበሩ።

መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ተለቀቀች፤ በዚያው ቀን ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ ምጽዋ እጇን ሰጠች። ቦኔቲ ሰይፉን በጉልበቱ ሊሰብር ቢሞክር እምቢ ብሎ ጎበጠ፣ ወደ ባሕርም ጣለው፣ እንግሊዞች ግን ባሕሩ ሲጎድል አወጡት እየተባለ ይነገራል። እውነት ከሆነ ሰውዬው መጣል እንጂ ማጥፋት አልሆነለትም።

ወደቡ ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ። በ1934 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በመጋቢት ወር፣ ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጣ። ይህ ሰው አስቀድሞ በ1918 ዓ.ም. ኤስ 51 የተባለውን የሰመጠ የአሜሪካ ሰርጓጅ ከባሕር ያነሣ ነው። ጠላቂውም መሣሪያውም ጥቂት ነበረ፤ የምጽዋ ሙቀት ደግሞ ብረቱን በእጅ አያስነካም። ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያን፣ ዐረቦችና ምርኮኛ ጣልያኖች አብረውት ሠሩ። የሰባበሩትን መኪና ራሳቸው ጣልያኖቹ እንዲጠግኑት አደረገ፤ ይህ ፍርድ እኛን ደስ አሰኝቶናል።

ትልቁን ተንሳፋፊ መጠገኛ አይነሣም ብለውት ነበር። 8 ክፍሎች አሉት፤ በየክፍሉ ከተጣለው ቦምብ 7ቱ ፈንድተው ሥሩን ቀደውታል። ኤልስበርግ ግን የሥሩን ቀዳዳ ለመድፈን አልደከመም። ብርጭቆ ተገልብጦ ውኃ ውስጥ ቢደፋ አየሩ ውኃውን እንደሚከለክል፣ እርሱም ከላይ ያለውን መውጫ ሁሉ ደፍኖ በኮምፕረሰር የታመቀ አየር ሰደደበት፤ ውኃው በዚያው ቦምቡ በቀደደው ቀዳዳ ተገፍቶ ወጣ። በ9 ቀን በግንቦት ወር መጠገኛው ተንሳፈፈ። ያልፈነዳው 8ኛው ቦምብም በዚያው በሆዱ ተገኘ። ከዚያ ሊበንፌልስ ተነሣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። የብሬንታንም ፈንጂ ሰው ሳይሞት አወጡ።

በዚያ ክረምት የጀርመኑ ሮሜል ወደ እስክንድርያ ቀርቦ ነበርና እንግሊዞች መርከቦቻቸውን የሚያድሱበት ቦታ ጠበባቸው። ዳይዶ፣ ዩርያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉት መርከቦች ተራ በተራ ምጽዋ መጥተው ተንሳፋፊ መጠገኛ ውስጥ ገቡ፤ ሆዳቸው ተፋቀ፣ ቀለም ተቀባ፣ ወደ ጦርነታቸውም ተመለሱ። ቦኔቲ ለዘመናት ዘጋሁት ያለው ወደብ ለጠላቱ መርከብ ማደሻ ሆነ።

ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ይህ ከአራዳ የሚወርደው ጎዳና በቸርችል ስም ተጠራ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ ምጽዋም የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ማደሪያ ሆነች። የጃንሆይ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ምክትል አዛዥ ሆነው አገለገሉ። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካኖች ኦርካ ይሏት የነበረችውን መርከብ ሰጡ፤ ስሟም ኢትዮጵያ ተባለ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባው መንግሥት ሲወድቅ የቀሩት መርከበኞች እንደ ጣልያኖቹ አላደረጉም፤ ኢትዮጵያን ሳያሰጥሙ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን አደረሷት። በ1985 ዓ.ም. ለብረት ተሸጠች።