አንድ በር፣ ሰፊ አገር

በመርካቶ ጥግ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይገኛል። የተመሠረተው በጣልያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር።

በዚያ ዘመን በሩቅ ገጠር የነበረን አንድ አባት እስቲ እናስበው። ልጁ ሲታመምበት በመጀመሪያ ጠበል ይወስደዋል፤ አልሻለው ሲል በሬውን ሸጦ፣ ማሳውን ጦም አሳድሮ፣ የልጁን እጅ በገመድ አስሮ አውቶቡስ ይሳፈራል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያው መንገድ ዳግመኛ ይጠብቀዋል፤ የሚሸጥ ሌላ በሬ ግን የለውም።

ይህን መንገድ ለማሳጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን በአማኑኤል ተጀመረ፤ ተመራቂዎቹም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በዚሁ ሙያ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ጀመረው። እስከዚያ ድረስ ከአዲስ አበባ ውጭ ሕሙማኑን ይቀበል የነበረው በአብዛኛው የእነዚያ ነርሶች እጅ ነው። ስማቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። እኛ የመርካቶ ልጆች ይህን ስም መሰዳደቢያ አድርገነው አደግን። ሕክምናውን ይዘው ሕመምተኛው ወዳለበት የወረዱት ነርሶች ግን በትርጉሙ ኖሩበት።