በለንደን መናፈሻ የቆመው የጃንሆይ ሐውልት

በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ ዊምብልደን በሚባለው ሰፈር፣ ካኒዛሮ ፓርክ የተሰኘ የሕዝብ መናፈሻ አለ። በዚህ መናፈሻ ውስጥ ከደረት በላይ ያለውን የአፄ ኃይለ ሥላሴን ምስል የሚያሳይ ሐውልት ለብዙ ዓመታት ቆሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የሐውልቱ ታሪክ ከስደት ይጀምራል። የፋሺስት ጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ለቀቁ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሃይፋ ደረሱ፤ ከዚያም ኢየሩሳሌም ወጥተው ሰነበቱ። ግንቦት 26 ቀን ለንደን ገቡ። በዊምብልደንም የሴሊግማን ቤተሰብ በቤቱ አስተናገዳቸው። የቤቱ እመቤት ሂልዳ ሴሊግማን ደራሲና ቀራፂ ነበሩ፤ የእንግዳቸውንም መልክ ቀርፀው ሐውልቱን ሠሩ። በኋላ ቤቱ ሲፈርስ ሐውልቱ ወደ መናፈሻው ተዛወረ።

ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት የአገራቸውን በደል አሰሙ። ከዚያ በኋላ ባዝ በምትባለው ከተማ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ገዝተው እስከ 1932 ዓ.ም. ኖሩ። ይህን ቤት በኋላ ለከተማዋ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተውታል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ሲገቡ አብሯቸው የዘመተው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ኦርድ ዊንጌት ነበር። ከናታንያ በስተደቡብ የሚገኘው የዊንጌት የስፖርት ተቋም የተሰየመው በእርሱ ስም ነው።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። ሐዘኑና ቁጣው ባሕር ተሻገረ። በማግሥቱ ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ካኒዛሮ ፓርክ ገብተው ሐውልቱን ሰባበሩት፤ የለንደን ፖሊስም ምርመራ ጀመረ። በዚያው ሰሞን በሐረር የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ። ሐውልቱ የተሰበረበት ሰኔ 23፣ ጃንሆይ በጄኔቭ ከተናገሩ ልክ 84 ዓመት የሞላበት ቀን ነበር።

ኢትዮጵያውያን ሐውልት ሲወድቅ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆመውን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን የነሐስ ሐውልት ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ነቅለው ቀብረውት ነበር። ነሐሱ ግን ከነፈረሱ ደህና ስለቆየ ከነጻነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ በቦታው ተተከለ። የዊምብልደኑ ሐውልት ግን ተቀብሮ ሳይሆን ተሰባብሮ ነው የጠፋው። ለአንዱ ወገን የስደትና የነጻነት መታሰቢያ፣ ለሌላው ወገን የበደል ምልክት ሆኖ ስለታየ፣ ሥራው ራሱ ከሁለቱም እጅ ወጣ።