ዜና አለቃ ገብረ ሐና ዘናበጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የተክሌ አቋቋም ቤት ልጆች «የአያታችንን ዜና ጻፍልን» ብለው አዘዙኝ፤ የመምህራችን መምህር አያታችን ነውና። እኔም የዚያው ቤት እንጀራ የበላሁ ነኝና እሺ ብዬ ጀመርሁ።

አለቃ ገብረ ሐና በ1814 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኀ ኅዳር፣ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ በፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው የባሕሩ ዳርቻ ከማሳው አይለይም። ቅኔውን ከጎጃም፣ ዜማውን ከጎንደር አደላድለው ገና በ26 ዓመታቸው በጎንደር በአታ ለማርያም ወንበር ዘረጉ። ጎንደር ለጎልማሳ ወንበር መስጠት ልማዷ አይደለም፤ ለእርሳቸው ግን ሰጠች።

ከዚህ በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ ተቆጡባቸውና አለቃ ወደ ትግሬ ወጡ። የቁጣው ነገር ለነገሥታት ጸሐፊ ይቆየው።

ከትግሬም ተመልሰው በታንኳ ወደ ሬማ መድኃኔ ዓለም ገቡ። ሬማ የዓፄ ሠርፀ ድንግል ዐፅም ያረፈባት የጣና ደሴት ናት። እግዚአብሔር ዮናስን በባሕር እንዳስተማረ ይህንንም ሰው ያስተማረው በባሕር ነው። ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ወደ ዳርቻው ይመጣል፤ ደንገሉ ጎንበስ ይላል፤ ውኃው ሲመለስ ቀና ይላል፤ ከዘንጎቹ አንዱም ጓደኛውን አይቀድምም። አለቃም ይህን አይተው መቋሚያቸውን አነሡ ይላል የቤታችን ትውፊት። መቋሚያው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ዜማው ሲዞር ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ትከሻና ወገብም ይከተሉታል፤ ከሁለት ረድፍ የቆሙ መዘምራን ሲዘምሙት ማኅሌቱ ባሕር ይመስላል። እንዲህ ያለ ዝማሜ ከዚያ በፊት አልታየም። ያየ ሁሉ አደነቀ፤ ማለት፣ ቅን ልብ ያለው ሁሉ።

የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉም። «ከአባቶች ያልወረደ ነው» አሉ። አለቃ በነገር የሚያንሱ ሰው አልነበሩም፤ ዳሩ ግን ከሽማግሌ ጋር መከራከሩን ትተው ወደ ልጅ ዞሩ። ከወይዘሮ ማዘንጊያ የወለዱትን ልጃቸውን ተክሌን አስቀምጠው ዝማሜውን ከእግር እስከ እጅ አስጠኑት። (ስለ ወይዘሮ ማዘንጊያና ስለ አለቃ ሕዝቡ የሚያወራው ቀልድ ብዙ ነው፤ ያን ለጠላ ቤት እንተወው። ቤቱ የጸና ቤት ነበር።) ልጁ ተምሮ መምህር ሆነ፤ ደብረ ታቦርም እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። የቆሎ ተማሪ ኮፈዳውን አንግቶ ከየአገሩ ወደ እርሱ ጎረፈ። ስለዚህ ዝማሜው በአባት ስም አልተጠራም፤ ተክሌ ተባለ እንጂ። በራሱ ስም ያልተከለ አባት ስንት ነው?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አለቃ ወደ ሸዋ ወጥተው ከቤተ መንግሥት ሰነበቱ። እቴጌ ጣይቱ ፊት አንዳንድ ቃል ከአፋቸው አምልጧል ይባላል፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1898 ዓ.ም. እንደ ተወለዱበት ዘመን በዘመነ ማርቆስ፣ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ናበጋ ጊዮርጊስም ተቀበሩ። ነፍሳቸውን ከአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ዛሬ የተክሌን አቋቋም የጨረሰ ደቀ መዝሙር ምስክሩን ከደብረ ታቦር ኢየሱስ ይቀበላል። በባሕር ዳርም ጥምቀት ሲሆን ታቦታቱ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ነጭ የለበሱ ወጣቶች መቋሚያቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። በጎንደር የአቋቋም ቤቶች፣ በላይ ቤትና በታች ቤት የተማሩትም አብረው ይዘማሉ፤ አባቶቻቸው በዚያን ጊዜ ምን ብለው እንደ ነበር ስለ ፍቅር ብዬ አልጻፍሁም።