ማን ይቀድማል? የፕሮፌሰር ሶስና ክሪስታልና ኮምፒዩተር

እርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገርና አልማዝ ሁለቱም ካርቦን ናቸው። የለያያቸው የአቶሞቹ አደራደር ነው። ታዲያ አንድ ዓይነት አቶም በብዙ መልክ ሊደረደር ከቻለ፣ በዚህ ወይም በዚያ ሙቀት የሚጸናው የትኛው ነው? ኮምፒዩተር ለዚህ ጥያቄ መልስ በፈለገበት ታሪክ ውስጥ የአንዲት የአገራችን ልጅም ስም አለ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1957 በርኒ አልደርና ቶማስ ዌይንራይት በካሊፎርኒያው ሊቨርሞር ላቦራቶሪ፣ እርስ በርስ የማይሳሳቡ ጠጣር ኳሶችን በኮምፒዩተር ሲያጋጩ፣ ኳሶቹ በተጨናነቁ ጊዜ በራሳቸው ተሰልፈው ክሪስታል ሆኑ። ያለ መሳሳብ እንዲህ መሆኑ ብዙ ምሁራንን አከራክሯል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። በዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ብርቱካን ሲከመር ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሦስተኛው ንብብር ከመጀመሪያው ትክክል በላይ ሊያርፍም ፈንጠር ሊልም ይችላል፤ የሚይዘው ቦታ ግን እኩል ነው። የትኛው ይጸናል? በ1984 ዳን ፍሬንከልና አንቶኒ ላድ ብልሃት አመጡ፦ እያንዳንዱን አቶም በምናብ ሞላ ከቦታው ያስሩታል፤ የእስሩ ሂሳብ በትክክል የታወቀ ነው፤ ከዚያ ሞላውን ቀስ በቀስ እያላሉ ለውጡን ይደምራሉ። የአቶሞቹ መሳሳብና መፈናፈኛ አብረው የሚመዘኑበት «ነፃ ጉልበት» ያነሰለት አደራደር ይረታል። የብርቱካኑ ሙግት ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ስለነበር እስከ 1997 ቆይቷል።

ሶስና ኃይሌ በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ አባታቸው የግዕዙ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ሶስና ያጠኑት ሲዝየም ሃይድሮጅን ሰልፌት 141 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አደራደሩን ይለውጣል፤ ያኔ ፕሮቶን የማስተላለፍ አቅሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ያድጋል። በ2001 ይህ ክሪስታል ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ፊውል ሴል እንደሚያገለግል ከባልደረቦቻቸው ጋር አሳዩ።

ግን ማን ይቀድማል? ፕሮቶኖቹ እየዘለሉ ነው ክሪስታሉን የሚለውጡት ወይስ የሰልፌቱ ክፍሎች እየዞሩ? በላቦራቶሪ ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ መለየት ይቸግራል። በ2005 ካለም ቺዝሆልም፣ ዩን ሂ ጃንግ፣ ሶስናና ዊልያም ጎዳርድ ነፃ ጉልበቱን ከመመዘን ይልቅ ክሪስታሉን በኮምፒዩተር አሞቁት፤ እያንዳንዱን ሃይድሮጅን ግን መዝለል እንዳይችል ከአንድ ኦክስጅን ጋር አሰሩት። ክሪስታሉ ያም ሆኖ ተለወጠ! ስለዚህ የፕሮቶኑ ሩጫ የለውጡ መንስኤ አልነበረም፤ ሩጫውን የሚያመጣው የሰልፌቱ ክፍሎች ፈጣን መሽከርከር ነው። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ክልከላ ነው፤ በእውነተኛ ክሪስታል ላይ ማን ይችለዋል?

ሰልፌቱ ራሱ በሃይድሮጅን እየፈረሰ ስላስቸገረ፣ የሶስና ቡድን በ2004 ወደ ሲዝየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ተሻግሮ ነበር። እሱም ሲሞቅ ውሃውን ይለቃልና፣ እንዳይፈርስ በእንፋሎት ከበቡት።