ጠገራው ብርና በውስጡ ያለው መዳብ

ወርቅ፥ ብር፥ መዳብ፥ ብረት፥ እርሳስ እያንዳንዳቸው ንጥር ናቸው፤ በእሳት ቢቀልጡም ወደ ሌላ ማዕድን አይከፈሉም። ነሐስ ግን ከመዳብና ከቆርቆሮ፥ አለዚያም ከመዳብና ከዚንክ የተገኘ ቅይጥ ነው። ልዩነቱ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በእጅ ሲያዝ ግን ዓይንን ያሳስታል። በሬውን ሸጦ ብር የተቀበለ ባላገርም የዓመት ድካሙ በሚዛን ፊት ከንቱ እንዳይሆንበት ይጠነቀቅ ነበር።

የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ ይኸውም ከ3ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ አንሥቶ፥ የወርቅ ገንዘብ አሠርተዋል። የፊተኞቹ ወርቅ ወደ ንጽሕና የቀረበ ነበረ፤ በኋላ ግን ወርቁ እያነሰ፥ ቅይጡ እየበዛ ሄደ። የአንዳንዶቹም የብርና የመዳብ ገንዘብ በወርቅ ተለብጦ ይገኛል፤ ልባጡ ለጌጥ መሆኑ ስለሚታይ ግን ይህ ማታለል ሊባል አይገባውም።

ከብዙ ዘመን በኋላ በአገሩ የገነነው የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ ያረፉበት 1780 ዓመት፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ ሳይለወጥ ከሞታቸው በኋላ ሲታተምበት ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር፥ የቀረው መዳብ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ሁሉ ያመነው ብር ራሱ ቅይጥ ነበረ። ይህም ለማታለል አልተደረገም፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለ ሆነ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቶሎ ያልቃልና፥ መዳቡ ያጠነክረዋል።

ገበያተኛው የሚመረምረው መልኩን ነበረ። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የፈርጥ ዕንቍ ይቈጥራል፤ በጠርዙ ዙሪያ የተጻፈው ፊደል አለመከርከሙን ያያል፤ በደንጊያም ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል። የአንጥረኛው ፈተና ከዚህ ይጠልቃል። ንጹሕ ብር በእሳት ግሎ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ መዳብ ያለበት ግን ይጠቍራል። በውኃ መመዘንም አለ፤ ብር በመጠን እኩል ከሆነው ውኃ 10.5 እጥፍ ይከብዳል፥ መዳብ 9 ያህል፥ እርሳስ 11.3። ነገር ግን መዳብና እርሳስ በልክ ቢቀላቀሉ የብርን ክብደት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የእርሳሱ የደነዘዘ ድምፅ ያጋልጣቸዋል። ፍርዱን የሚቈርጠው ብሩን ከእርሳስ ጋራ በአጥንት አመድ ጽዋ አቅልጦ ማንጠር ነው፤ እርሳሱ መዳቡን ይዞ ይሄዳል፥ ብሩም ብቻውን ይቀራል። ይህ እውነተኛ ፈተና ነው፤ ዳሩ ግን ገንዘቡን ያጠፋዋል፥ ስለዚህም ለገበያ አይሆንም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተሙት ብር ከሺህ 835 እጅ ብር ነበረበት፤ ከጠገራው አላነሰም፥ እንዲያውም በጥቂት ይበልጥ ነበር። ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ የለመደውን መልክ መረጠ፤ ዓይን የሚያውቀውን ምልክት እንጂ የማያየውን ንጽሕና አይመዝንምና። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ማተሚያውን ከኦስትርያ ወሰደች፥ ጥቂት ቈይቶም እንግሊዝ በሎንዶን ታትመው ጀመር።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ታወጀ፤ የ50 ሳንቲሙም ከሺህ 800 እጅ ብር ሆኖ ወጣ። ጠገራው ከገበያ እየራቀ ሄደ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙው በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ሆኗል፤ ከስድስት አንድ እጅ የሆነው መዳብም አብሮት አለ።